የሚነዝር ምጣድ ጥፋቱ የማን ነው?

ጥያቄውን ኢንተርኔት ላይ፣ በአንድ የውይይት ገጽ የለጠፈችው የደብረ ማርቆስ ሴት ናት። ከአንድ ብረታ ብረት ቤት አዲስ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛች። አሟሽታ መጋገር ጀመረች። እንጀራውን በሰፌድ ልታወጣ ስትል ክንዷ የላሜራውን ጠርዝ ነካና ነዘራት። ምጣዱን አስጭና ወደ ገዛችበት መለሰች። ሻጩ ምጣዱ ምንም እንደሌለበት፣ ችግሩ የቤቷ መስመር እንደሆነ ነግሮ ሸኛት። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስጠራች። እሱ ደግሞ መስመሩ ደህና መሆኑን፣ ጥፋቱ የምጣዱ መሆኑን ነግሯት የመጣበትን ተቀብሎ ሄደ። በሁለቱ መሀል ቀረች።

ጥያቄዋ ግን ከዚህ ይሰፋል። ደረጃ፣ ምዘና፣ ቁጥጥር ሲባል በዜና ትሰማለች። ታዲያ ይህን ምጣድ ከመሸጡ በፊት ያየው የመንግሥት ሰው አለ ወይ? ምጣዱ ላይ የሠሪው ስም የለም። ስንት ዋት እንደሚወስድ አልተጻፈም። ያለው ሰማያዊ ቀለም ብቻ ነው።

ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄዋ ሥር የተቀጣጠለው ምልልስ፣ ከአርባ መልስ በላይ ሄዷል። ሁሉንም አንብቤዋለሁ፤ ግማሹ ባይነበብ አይጎዳም፣ ሩቡ ግን ለማንም እንጀራ ጋጋሪ ይጠቅማል። ከነጠቡ ላውጋችሁ።

1ኛው መልስ ጨዋ ነው። እህት ዓለም እያለ ጫማ አድርጋ ነበር ወይ፣ ወለሉስ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል። ባዶ እግርና እርጥብ ወለል ነገሩን እንደሚያብሰው ያስረዳል። 2ኛው ደግሞ ያልነዘረው ሰው ማን ነው ባይ ነው። ሸበጥ አድርጎ መጋገር እንጂ ሌላ መፍትሔ የለም ይላል። 3ኛዋ ፍኖተ ሰላም ያሉ እናቷ ከእግራቸው ሥር ጣውላ አንጥፈው እንደሚጋግሩ፣ ስንት ዓመት እንዲህ እንደኖሩ ጻፈች። ምክር መስጠቷ ነው። እኔን የገረመኝ ይህ ነው። ምጣድ መንዘሩ እንደ ጭስ ተለምዷል፤ ማንም እንደ ብልሽት አይቆጥረውም።

4ኛው መልስ እዚያው ላይ ነው ቱግ ያለው። ምጣድ ይነዝራል ማለት ኤሌክትሪክ መሄድ በሌለበት መንገድ እየሄደ ነው፣ ጣውላውም ቀኑን ማራዘሚያ ነው ብሎ ሁለተኛውንና ሦስተኛዋን አንድ ላይ ወረደባቸው። ቃሉ ከረር ይላል። ነገሩ ግን ልክ ነው።

መልስ 5ን አንድ የባሕር ዳር የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው የጻፈው። ከክሩ ሁሉ እኔ የወደድኩት ይህን ነው፤ ምጣድ ገልብጦ ውስጡን ስለሚያሳይ። የሸክላው ጀርባ ላይ እንደ ቀንድ አውጣ የዞረ ቦይ አለ። ሬዚስታንሱ፣ ማለትም የሚግለው ሽቦ፣ እዚያ ቦይ ውስጥ ይተኛና በጅፕሰም ይደፈናል። ሁለቱ ጫፎቹ በላሜራው ጎን ካለ ቀዳዳ ከሚገባው ካቦ ጋር ይገናኛሉ። ጣጣው ያለው ቀዳዳው ላይ ነው ይላል። በመሰርሰሪያ ወይም በሚስማር ይበሳና ጠርዙ ሳይሞረድ ይተዋል። ካቦውን ከስለቱ የሚከላከለው ጎማ፣ ጎሚኒ የሚሉት፣ አይገባበትም። ካቦው በተሳበ ቁጥር የላሜራው ስለት ፕላስቲኩን ይልጠዋል። አንድ ቀን መዳቡ ብረቱን ይነካል፤ ከዚያ በኋላ ምጣዱ በሙሉ ፌዝ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የተሸከመ ነው። ሌላው የሚያየው ጥፋት መጋጠሚያው ነው። ሙቀት የሚችል ሞርሰቲ (ሽቦ በብሎን የሚያያዝበት ማገናኛ) መግባት ሲገባው ሽቦው በፔንሳ ተጠምዝዞ በፕላስተር ይጠቀለላል። ፕላስተሩ ምጣዱ ሲግል ይቀልጣል። ሰውየው ይህን የጻፈው ማንንም ሳይሳደብ ነው።

6ኛው ሸክላውን ጨመረበት። ውኃ የጠጣ ሸክላ፣ በተለይ ስንጥቅ ካለው ሊጡ ሰርጎ ሬዚስታንሱ ጋ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ላሜራው ብቻ ሳይሆን ምጣዱ ራሱ በእርጥብ ጨርቅ ሲወለወል ይነዝራል። ስለዚህ ከመወልወል በፊት ስፒናውን መንቀል እንደሚገባ አሳሰበ። በ7ኛው መልስ አንዱ ፈጣን መድኃኒት ይዞ መጣ። ስፒናውን ገልብጦ መሰካት። እሱ ቤት ሠርቷል። 8ኛዋ ምጣዱ በስንት ተገዛ ብላ ጠየቀች፤ መልስ አላገኘችም። 9ኛው ግን ወደ 7ኛው ተመልሶ ነገሩን አብራራ። እኛ አገር ባለሁለት እግር ስፒና ተገልብጦም ይገባል። ሲገለበጥ ፌዙና መመለሻው ገመድ፣ ኔትራሉ፣ ቦታ ይለዋወጣሉ። የተላጠው ቦታ ለኔትራሉ ጫፍ ከቀረበ ንዝረቱ ይቀንሳል ወይም የጠፋ ይመስላል። የተላጠው ግን እዚያው አለ። ማታ ልጅ ወይም ሠራተኛ መልሶ ሲሰካው እንደ ዕድሉ ነው። 7ኛው ይህን ካነበበ በኋላ አልመለሰም።

ወደ መንግሥቱ ጉዳይ የገባው 11ኛው ነው። ይህ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ አጻጻፉ የቢሮ ነው። የቀድሞው የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን በ2003 ዓ.ም. አራት ቦታ እንደተከፈለ አስረዳ። ደረጃ የሚያወጣው አንድ ነው፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ይባላል። ምርቱ ከደረጃው ጋር መግጠሙን የሚፈትሸው የተስማሚነት ምዘና ድርጅቱ ነው። ፈታሹን ራሱን ለሥራው ብቁ ነው የሚለው አክሬዲቴሽኑ ነው። ሚዛንና መለኪያውን የሚያርመው ሥነ ልክ ነው። ደረጃዎችም ሁለት ዓይነት ናቸው፤ በፈቃድ የሚተገበሩና አስገዳጅ። የኤሌክትሪክ ገመድ አስገዳጅ ከሆኑት ውስጥ ነው። ሕግ አለ፣ ተቋም አለ፣ ስለዚህ አገሩ ባዶ አይደለም ሲል ደመደመ።

12ኛው አላስጨረሰውም። አራት መሥሪያ ቤት ተቆጥሮ አንዱ እንኳ የማርቆስ ብረታ ብረት ቤት ደጃፍ ካልደረሰ ቁጥሩ ምን ይረባል አለ። ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሸክላ ምጣድ ተጭኖ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ ለፍተሻ ሲደርስ የሚፈተሸው ስብርባሪ ነው ብሎ ቀለደ። ይህ ቀልድ ከክሩ ሁሉ ብዙ መውደድ ያገኘው ነው። 13ኛው ግን ቀልዱን አልወደደም፤ የአንድ ግለሰብ ምጣድ ወደ ላብራቶሪ እንዲሄድ ማንም እንዳልጠየቀ፣ የሚፈተሸው የአምራቹ ናሙና እንደሆነ በትዕግሥት አስረዳ። ልክ ነው። ግን ናሙና ለመስጠት መጀመሪያ አምራቹ ስም ሊኖረው ይገባል። ሰማያዊ ቀለም ናሙና አይሰጥም።

14ኛው ሕግ የተማረ ይመስላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ን ጠቀሰ። በዚህ አዋጅ መሠረት ሸማች የገዛው ዕቃ ጉድለት ካለበት በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ነጋዴው ዕቃው ላይ መግለጫ መለጠፍ፣ ደረሰኝ መስጠትም ግዴታው ነው። አዋጁን ያስፈጽም የነበረው ባለሥልጣን ከተበተነ ወዲህ ሥራውን የያዘው የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ነው፤ እሷ ግን የምትሄደው ከተማዋ ውስጥ ወዳለው ንግድ ጽሕፈት ቤት እንደሆነ ነገራት። ጠያቂዋ በ15ኛው ቀርባ አመስግና ደረሰኝ እንደሌላት ተናገረች። ስትገዛ ከደረሰኝ ጋር ከሆነ ዋጋው እንደሚጨምር ነግረዋት ነበር። እሷም ያለ ደረሰኙን መርጣለች።

እዚህ ላይ ሰው ሊፈርድባት ይችላል። አንዳንዶቹም ፈርደዋል። እኔ አልፈርድም፤ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር፣ ይህን ያላደረገ ሸማች ካለ እጁን ያውጣ።

16ኛው መልስ ከአዋጁ ቀድሞ የነበረ ሕግ አመጣ። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 2085። ዕቃ እየሠራ በትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው አገልግሎቱ ላይ እያለ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ጥፋቱን ማስረዳት እንኳ አያስፈልግም። ይህ ሲጻፍ ክሩ ላይ ደስታ ሆነ። 17ኛው ያንኑ ቁጥር ወደ ታች አንብቦ ደስታውን አቀዘቀዘው። ንዑስ ቁጥር ሁለት አለ። ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታይ የሚችል ከነበረ ሠሪው አይጠየቅም። ታዲያ ምጣድ ስንገዛ የተለመደው ምርመራ ምንድን ነው? ሸክላውን በጣት ኳ ኳ አድርጎ ድምፁን መስማት ነው። ስንጥቅ መፈለግ ነው። ካቦውን ነቅሎ ቀዳዳው መሞረዱን የሚያይ ገዢ የለም። 18ኛዋ በዚህ ተስማማች፤ እናቷም አያቷም ሸክላ ሲገዙ ከማንኳኳት ሌላ ምርመራ አያውቁም፣ ስለዚህ ሠሪው በንዑስ ቁጥር ሁለት ሊያመልጥ አይችልም አለች። ጥሩ ክርክር ነው። ዳኛ ፊት ቢቀርብ ያስኬዳል ብዬ አምናለሁ። 17ኛው ግን አንድ ነገር አስታወሳት፦ ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ደረሰ ጉዳት ነው። ሴትዮዋ ደነገጠች እንጂ እግዚአብሔር ይመስገን አልተጎዳችም። ለእሷ የሚሻለው የ15 ቀኑ መንገድ ነው።

በ19ኛው ያልተጠበቀ ሰው መጣ። ቡሬ ውስጥ በጥቃቅንና አነስተኛ ሼድ ምጣድ የሚሠራ ወጣት። ቅር ብሎታል። ከላይ የተጻፈውን ሁሉ አንብቧል። ሥራውን በቴክኒክና ሙያ ተምሮ፣ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና ወስዶ እንደጀመረ ተናገረ። መጀመሪያ ሦስት ገመድ ያለው ካቦ ያስገባ ነበር፤ ሦስተኛው ኧርዝ፣ ማለትም ያፈተለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው ነው፣ ላሜራው ላይ በቡሎን ይታሰራል። ገዢ ሲመጣ ዋጋ ይጠይቃል፤ ከጎረቤቱ ይበልጣል። ለምን ሲሉት ኧርዝ እንዳለው ይነግራቸዋል። ኧርዝ እንጀራ ያበስላል ወይ ብለው ስቀውበት ከጎረቤቱ ገዝተው ይሄዳሉ። ሁለት ገመድ ወዳለው ተመለሰ። ደግሞስ ኧርዝ ቢያስገባ ያገሩ ቤት ሶኬት ኧርዝ አለው ወይ ብሎ ጠየቀ።

20ኛው ጨካኝ ነው። ሰው ገዳይ ዕቃ እየሸጡ ገዢን መውቀስ ዓይን አውጣነት ነው አለ። 21ኛው ለወጣቱ ተቆጣለት፤ ሠርቶ የሚበላን ልጅ እንዲህ መናገር ነውር መሆኑን፣ 20ኛው ራሱ ቤት ያለው ምጣድ ስንት ገመድ እንዳለው መጀመሪያ ሄዶ እንዲያይ ነገረው። 22ኛው በወጣትነቱ ዘመን ነጋዴ እንዴት ታማኝ እንደነበረ ረዥም ጻፈ፤ እዘለዋለሁ። በ23ኛው ሃያኛው ተመለሰ። የቤቱን ምጣድ አይቶ መጥቷል። ሁለት ገመድ ነው። ይቅርታ አልጠየቀም፤ ቃሉ ግን ረገበ።

ከዚህ በኋላ ያለው ቁም ነገር ስለ ኧርዝ ነው። በ24ኛው አንዱ ቀላል ዘዴ አለኝ ብሎ ብቅ አለ። ኧርዝ ከሌለ ላሜራውን ከኔትራሉ ጋር ማሰር። ብሬከሩ ወዲያው ይወርዳል፣ አለቀ። 25ኛውን የጻፈው ከባሕር ዳሩ ፖሊ የተመረቀ መሐንዲስ ነው፤ ንዴቱ ከፊደሉ ይታያል። ይህን ምክር ማንም እንዳይሞክረው፣ አወያዩም እንዲያጠፋው ጠየቀ። ምክንያቱን በአጭሩ አስቀመጠ፦ ኔትራሉ በሆነ ቦታ ቢበጠስ ወይም ቢላላ፣ ጤነኛ የነበረው ምጣድ ሳይቀር ላሜራው 220 ቮልት ይሸከማል። ስፒናው ተገልብጦ ቢሰካም ያው ነው። 9ኛውን መልስ እንዲያነቡ ላካቸው። አወያዩ 24ኛውን አላጠፋውም፤ ከላዩ ማስጠንቀቂያ ጻፈበት። ጥሩ አደረገ፤ ይህ ዘዴ በየሰፈሩ ስለሚሠራበት ቢጠፋ ማንም አይማርም ነበር።

26ኛው ዘንግ ወደ መሬት መቅበር ነው መፍትሔው አለ። ጨውና ከሰል ጨምሮ፣ እርጥበት ያለበት ቦታ፣ ከቧንቧ ሥር ቢሆን ይመረጣል። መሐንዲሱ በ27ኛው ተስማምቶ አንድ ሒሳብ ጨመረ። የተቀበረው ዘንግ ኤሌክትሪኩን የሚገታበት መጠን 50 ኦም ቢሆን፣ 220 ለ50 ሲካፈል የሚያልፈው 4.4 አምፔር ብቻ ነው። የ20 አምፔር ብሬከር ይህን አይሰማውም፤ አይወርድም። ስለዚህ ከዘንጉ ጋር ሻጮች ኧርዝ ሊኬጅ የሚሉት፣ በ30 ሚሊ አምፔር የሚወርደው ብሬከር ያስፈልጋል። ዘንግ ብቻ ቀብሮ መተኛት አይቻልም። ስለ ካቦውም ተናገረ። 3500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። ቀጭን ካቦና ላላ ያለ ሶኬት ይህን ችሎ ሁለት ሰዓት አይጋግርም፤ ስፒናው ሲነካ የሚያቃጥለው ለዚህ ነው። በዲቫይደር ላይ ምጣድ መሰካትንማ አታንሱብኝ ብሎ ዘጋው።

28ኛው ከባሕር ዳር ገበያ ውፍረቱ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የተባለ ካቦ ገዝቶ ሲገፍፈው መዳቡ 1.5 ከነበረው አሮጌ ካቦ ጎን ቢያስተያየው እኩል ሆኖ እንዳገኘው ተናገረ። ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን ጥርት ያለ ነበር። 11ኛው መልስ ላይ ገመድ አስገዳጅ ደረጃ አለው የተባለውን አስታውሶ ታዲያ ይህ እንዴት ሱቅ ገባ ብሎ ጠየቀ። 11ኛው ሰው እስካሁን አልመለሰለትም። እኔም ብሆን ከዚህ ጥያቄ የሚብስ አላየሁም። ላሜራ የሚበሳው የሼድ ልጅ ባይደርሱበት ይገባኛል። ካቦ ግን በጥቅል መጥቶ በሱቅ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ፣ ቁጥር የታተመበት ዕቃ ነው። ቁጥጥር ከዚያ ካልጀመረ ከየት ይጀምራል?

ቀጥሎ ክሩ መንገድ ለቀቀ። 29ኛዋ አከራይዋ ምጣድ እንዳትሰካ ስለከለከሏት ከገበያ እንጀራ እንደምትገዛ አማረረች። ቆጣሪው የጋራ ነው። 30ኛው አከራዮችን ሰደበ፣ 31ኛው አከራይ ነኝ ብሎ የመብራት ሒሳቡን ዘርዝሮ ተከላከለ። 32ኛዋ አዛውንት ይመስሉኛል፤ በባሕር ዛፍ ቅጠል የሚነድ ምጣድ ማንንም ነዝሮ እንደማያውቅ ጻፉ። ዓይን ግን ያጠፋል ብላ የሞጣዋ 33ኛ በአክብሮት መለሰችላቸው፤ እንጨት የግድ ከሆነ ጭሱንም እንጨቱንም የሚቀንስ የተሻሻለ ምድጃ እንዳለ አስታወሰቻቸው። በዚህ መሀል የቢቸና ጤፍ ይሻላል፣ የአዴት ይሻላል የሚል ሙግት ተነሣ። ሦስት መልስ በላ። አልገባበትም፤ ወገኔ ይታወቃል።

37ኛው ወደ ጉዳዩ መለሰን። በ2006 የወጣው የኢነርጂ አዋጅ፣ ቁጥር 810፣ የኃይል ቁጠባን ጉዳይ ለኢነርጂ ባለሥልጣን ሰጥቶ ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ ዛሬ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ሆኗል። ለኤሌክትሪክ ምጣድ የኃይል አጠቃቀም ደረጃና መለያ ለማውጣት ሲሠራ እንደቆየም ጠቀሰ። መለያው በየምጣዱ ላይ ከተለጠፈ ቢያንስ የሠሪው ማንነትና ዋቱ ይታወቃል ብሎ ተስፋ ያደርጋል። 38ኛው ቁጠባ ሌላ፣ መንዘር ሌላ፤ ትንሽ የሚበላ ምጣድም ይነዝራል አለው። ሁለቱም ልክ ናቸው። እኔ ግን ወደ 37ኛው አደላለሁ። ስም ያለው ዕቃ የሚመለስበት ቦታ አለው።

ጠያቂዋ በ39ኛው ተመለሰች። ክሩን አትማ ይዛ ሌላ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስጠርታለች። ሰውየው በቴስተር ካቻቢቴ ላሜራውን ነካው፤ በራ። ምጣዱን ገለበጠው። ካቦው ቀዳዳው ላይ ተልጧል፣ ልክ በ5ኛው መልስ እንደተጻፈው። የቤቷን ሶኬቶችም ከፈተ። ሁለት ገመድ ብቻ። ስለዚህ ሻጩም የመጀመሪያው ሠራተኛም ግማሽ እውነት ይዘው ነበር፤ እያንዳንዱ የሌላውን ጥፋት ነው የነገራት። ቀዳዳው ተሞርዶ ጎሚኒ ገባለት፣ ካቦው ባለ ሦስት ገመድ ሆነ፣ ከጓሮ ዘንግ ተቀበረ። ብሬከሩ ማርቆስ ስላልተገኘ ከባሕር ዳር የሚልክላት ትፈልጋለች። እስከዚያው በከሰል ምድጃ ቂጣ እየጋገረች ነው። ንግድ ጽሕፈት ቤትም ሄዳ ነበር። ያነጋገራት ባለሙያ በደንብ አዳመጣት፤ ደረሰኝ ስለሌላት ግን አቤቱታዋን በቃል ብቻ ነው የተቀበላት።

40ኛው ብሬከሩን እንደሚልክላት ቃል ገባ። የባሕር ዳሩ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው።

በ41ኛው የቡሬው ወጣት እንደገና ጻፈ። ከዚህ በኋላ በሚሠራው ምጣድ ላይ ስሙን፣ ስልኩንና ዋቱን በላሜራው ላይ በብረት ቁጥር ሊመታበት አስቧል። ባለ ሦስት ገመዱን የሚፈልግ ቀድሞ ይዘዘው፤ ዋጋው እንደሚጨምር ካሁኑ ይታወቅ። 42ኛዋ ስንት ይጨምራል አለችው። 43ኛው ዳንግላ ድረስ ያመጣል ወይ ሲል ጠየቀ። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ዋጋ ማስቀነስ ነው።